ነርሷ ልዕልት፦ ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ (1912–1934 ዓ.ም.)

በቤተ መንግሥት አድገው ሕሙማንን ማገልገልን ከመረጡ ኢትዮጵያውያን መካከል ልዕልት ፀሐይ በቀዳሚነት ይታወሳሉ። የተወለዱት በጥቅምት 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲሆን፣ አባታቸው በኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆኑት ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ።

ፋሺስት ኢጣሊያ ሀገራችንን በወረረ ጊዜ ልዕልት ፀሐይ የ16 ዓመት ወጣት ነበሩ። በእናታቸው መሪነት ከተሰበሰቡት ሴቶች ጋር ሆነው ለቁስለኞች ፋሻ፣ ለዘማቾች ልብስና የጋዝ መከላከያ ጭምብል በማዘጋጀት ደከሙ። ጠላት በሕዝቡ ላይ የመርዝ ጋዝ ባዘነበ ጊዜም ወደ እንግሊዝ ሀገር ሴቶች በቴሌግራም አቤት አሉ። ሰውን ለሥራ ማስተባበርና ስለ ተጎጂ መናገር፣ ነርስ ከመሆናቸው በፊት የጀመሩት አገልግሎት ነበር።

በ1928 ዓ.ም. ከቤተ ሰባቸው ጋር ተሰደዱ። ሆኖም የስደቱን ዘመን በከንቱ አላሳለፉትም። በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል በተማሪ ነርስነት ገብተው፣ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በሕፃናት ነርስነት ተመዘገቡ። ቀጥለውም በጋይስ ሆስፒታል የአዋቂዎችን ሕክምና ተለማመዱ።

ሀገራችን ነጻ ስትወጣ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል አገለገሉ። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ልጅ አቢይ አበበን አግብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። ነገር ግን ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በእርግዝና ምክንያት በደረሰባቸው ሕመም በ22 ዓመታቸው በነቀምት ዐረፉ። ለመታሰቢያቸው ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ ሀገር ገንዘብ አሰባሰቡ፤ በስማቸው የተሠራው ሆስፒታልም በ1951 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ተከፍቶ ነርሶችን ሲያሠለጥን ኖረ። ኋላም የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ።

ከሕይወታቸው የምንማረው፣ ነርስን መሪ የሚያደርጋት ማዕረግ አለመሆኑን ነው። መሪ የምትሆነው አስቀድማ ሥራውን በእጅዋ ስትማር፣ ቀጥላም ሌሎችን ስታስተባብር፣ ድምፅ ለሌለውም ስትናገር ነው። ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በቦሌ፣ በየካና በሌሎችም የከተማችን ክፍሎች የጤና ኤክስቴንሽን ነርሶች ቤት ለቤት እንዲያስተምሩ ተሠማርተዋል። ነፍሰ ጡሯ እናት ክትትል እንደ ጀመረች፣ የት እንደምትወልድ፣ በድንገት ደም ቢፈስሳት ማን ፈጥኖ እንደሚያደርሳት በየደጁ መጠየቅ የነርሷ ተግባር ነው። እኛም በራችንን እንክፈትላት፤ ጎረቤቶቻችንም ምክሯን እንዲሰሙ እናስተባብር።