የፒት ማራቪች የሕይወት ታሪክ

ፒት ማራቪች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በፔንሲልቫኒያ ተወለደ። አባቱ ፕሬስ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ስለ ነበረ ልጁ ከኳስ ጋራ አደገ፤ አባቱ መኪና ሲነዳ እርሱ በመስኮት ብቅ ብሎ ኳሱን በመንገዱ ላይ ያነጥር ነበር ይባላል።

በሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ በጋርድነት የተጫወተው በዚሁ በአባቱ አሠልጣኝነት ነው። በዚያን ጊዜ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም፤ ከሩቅ የገባም ኳስ እንደ ዛሬው ሦስት ተብሎ አይቈጠርም ነበር። ሆኖም በ3 ዓመት፥ በ83 ግጥሚያ 3,667 ነጥብ አገባ፤ ይኸውም ለያንዳንዱ ጨዋታ 44.2 ይደርሳል። በ2023 አንድ ወጣት 144 ጊዜ ተሰልፎ እንኳ ሊደርስበት 3 ነጥብ ጐደለው።

ነገር ግን በ1970 በአላባማ ላይ 69 ነጥብ ባገባበት ቀን ቡድኑ 106 ለ104 ተሸነፈ። አባትዮው ለልጁ ያደላል የሚሉም ነበሩ፤ በእኔ ሐሳብ ግን በአባት ፊት እንዲህ መጫወት ራሱ ከባድ ሸክም ነው።

ከዚያ 10 ዓመት ለደመወዝ ተጫውቶ፥ ጉልበቱ ስለ ተጐዳ በ1980 ተወ። በ1988 በፓሳዴና ከተማ፥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የስፖርት አዳራሽ ከወዳጆቹ ጋራ ሲጫወት ወድቆ ሞተ፤ ዕድሜው 40 ነበረ። ሐኪሞች ሬሳውን ሲመረምሩ፥ ለልብ ደም ከሚያደርሱት ከሁለቱ ዋና ሥሮች የግራው ከተወለደ ጀምሮ ያልነበረው ሆኖ ተገኘ።