አንበሳውን የቀረጸ ሰው

ልጆች ሆይ፤ ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህ ቤተ ክርስቲያን ከልዩ ልዩ ስፍራ በተሰበሰበ ድንጋይ የተገነባ አይደለም፤ ዐለቱ ራሱ ተፈልፍሎ የተሠራ ነው እንጂ። ስለዚህ የዋግ ልጆች የቀራጭ ሥራ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ያውቃሉ። ዛሬ የምናነበው የሌላ ቀራጭ ታሪክ ነው። አገሩ ፈረንሳይ ነው፤ የእጁ ሥራ ግን በአዲስ አበባ ቆሟል። ዓመታቱም የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ዦርዥ ጋርዴ በ1863 ዓ.ም. በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱም ቀራጭ ነበረ። ባደገ ጊዜ ወደ ታላቁ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም ከመምህራኑ አንዱ የአራዊትን ምስል በመሥራት ስመ ጥር የሆነው ፍሬሚዬ ነበረ።

ሰውን የሚቀርጽ ሰው ቀጥ ብሎ እንዲቆም ሊለምነው ይችላል። አንበሳንና ነብርን ግን ማን ይለምናቸዋል? በአበርገሌ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ እያንዳንዷን ፍየል በአረማመዷና በቀንዷ ለይቶ ያውቃል። የአራዊት ቀራጭም እንዲሁ ትጉህ ዓይን ያስፈልገዋል። ያየውን አስቀድሞ በጭቃ ይሠራል፤ ከዚያም የጭቃው ቅርጽ ይወሰድና የቀለጠ ነሐስ ይፈስበታል።

ጋርዴም በዚህ ሥራ ጸና። ነብር ከዘንዶ ጋር ሲታገል የሚያሳየው ሥራው ስሙን አስጠራለት። በሻንቲዪ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ያሉትን ታላላቅ ውሾች የሠራ እርሱ ነው። ወደ ካናዳ አገርም በዊኒፔግ ከተማ ለሚገኘው የምክር ቤት ሕንፃ ሁለት የነሐስ ጎሾችንና በጣሪያው ጫፍ ላይ የቆመውን ባለ ወርቅ ቅብ ወጣት ሠራ።

ዕድሜው ከስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ዘውድ የደፋውን የይሁዳ አንበሳ ሠራ። አንበሳውም በ1930 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ በአዲስ አበባ በምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ቆመ።

ነገር ግን ጦርነት መጣ። ኢጣሊያኖች አዲስ አበባን በያዙ ጊዜ አንበሳውን ነቅለው ወደ ሮማ ወሰዱትና እንደ ምርኮኛ በአደባባይ አቆሙት። በ1938 ዓ.ም. ዘርአይ ደረስ የሚባል የኤርትራ ተወላጅ ወጣት በዚያ ሲያልፍ የአገሩን አንበሳ አየ። ተንበርክኮም አከበረው። ሊከለክሉት በመጡ ጊዜ ሰይፉን መዞ ተዋጋ። ከዚያ በኋላ ተይዞ ታሰረ፤ በ1945 ዓ.ም. ከአገሩ እንደ ራቀ በኢጣሊያ አገር ሞተ።

ጋርዴም በ1939 ዓ.ም. ሲሞት አንበሳው ገና በሮማ ነበረ። ወደ ስፍራው መመለሱን ለማየት አልታደለም። አንበሳው ግን በ1960ዎቹ ዓመታት ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በጥንቱ ስፍራው ቆመ።

ልጆች ሆይ፤ አስተውሉ። የሠራው ፈረንሳዊ ነው፤ ነፃነቱን የከፈለለት ግን ሌላ ሰው ነው፤ ሁለቱም በዓይነ ሥጋ የተዋወቁ አይመስልም። ሠራተኛ ሥራው ከእጁ ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ማን እንደሚወድደው አያውቅም። ስለዚህ የምትጽፉት ፊደል ቢሆን፥ የምትጠርቡት እንጨት ቢሆን፥ ማንም ባያያችሁ እንኳ በትጋት ሥሩት። በችኮላ የተሠራ ነገር ከሠሪው በፊት ይጠፋል፤ በትዕግሥት የተሠራ ግን ሠሪው ካለፈ በኋላ ይቆማል።