ኦቶ ሎቪና የነርቭ መልእክት

ተማሪዎች ሆይ፣ በመርሳ የአትክልት ቦታ ብርቱካን ስትለቅሙ እሾህ ቢወጋችሁ፣ እጃችሁ ገና ሳታስቡበት ይሸሻል። ከጣት ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያም ወደ ክንድ ጡንቻ መልእክት የሚያደርሱት የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። መልእክቱ በአንዱ ሕዋስ ውስጥ የሚጓዘው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በአብዛኞቹ ሕዋሳት መካከል ግን እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። መልእክቱ ይህን ክፍተት እንዴት ይሻገራል? መልሱን በሙከራ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ ኦቶ ሎቪ ነው።

ሎቪ በ1873 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከአይሁዳውያን ቤተሰብ ተወለደ። በወጣትነቱ የሥነ ጥበብን ታሪክ ለማጥናት ቢመኝም ሕክምናን ተማረ። ከ1909 ጀምሮም በኦስትሪያ በግራትስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ።

አንድ ሌሊት ለጥያቄው መልስ የሚሰጥ የሙከራ ሐሳብ በእንቅልፉ መጣለት። ነቅቶ በብጣሽ ወረቀት ላይ ጫረው፤ ሲነጋ ግን የገዛ ጽሑፉን ማንበብ ተሳነው። በማግሥቱ ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስለት፣ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ቤተ ሙከራው ገሠገሠ። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ፣ አንዱን ከነነርቩ፣ ሌላውን ያለ ነርቭ አወጣ። የመጀመሪያውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲቀሰቅሰው የልቡ ምት ዘገየ። ልቡ የነበረበትን የጨው ውሃ ቀድቶ ወደ ሁለተኛው ልብ ሲያዛውረው የዚያም ምት ዘገየ። ስለዚህ ከነርቩ የወጣ ኬሚካል መልእክቱን እንዳደረሰ ተረዳ።

ሙከራው በ1921 ታተመ። ኬሚካሉም አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ታወቀ፤ የክንዳችሁን ጡንቻ የሚያዘውም ይኸው ነው። ሌሎች መልእክተኛ ኬሚካሎችም ተገኝተዋል። በአገራችን ጓያን ለረጅም ጊዜ አዘውትሮ የተመገበ ሰው እግሩ ሽባ የሚሆነው፣ በጓያው ውስጥ ያለው መርዝ ከእነዚህ አንዱን መስሎ የነርቭ ሕዋሳትን ስለሚጎዳ መሆኑን ተመራማሪዎች ያስረዳሉ።

ሎቪ በ1936 ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ ግን ታሰረ። እገደላለሁ ብሎ ስለ ሰጋ፣ የቅርብ ጊዜ የምርምር ውጤቱ ከእርሱ ጋር እንዳይቀበር በፖስታ ካርድ ላይ ጽፎ፣ ለሳይንስ መጽሔት እንዲላክለት ለጠባቂው ሰጠ። የሽልማቱን ገንዘብ ተገዶ ካስረከበ በኋላ ተሰደደ። በ1940 ኒውዮርክ ገብቶ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1961 በ88 ዓመቱ አረፈ።

እንግዲህ ብጣሹን ወረቀትና የፖስታ ካርዱን አነጻጽሩ። ሐሳብ ከአንዱ አእምሮ ወደ ሌላው የሚሻገረው ሲነበብ ነውና፣ ያወቃችሁትን ሁሉ በጊዜው፣ ጥርት ባለ ጽሑፍ አስፍሩ።