ሱዛን ኖኤል፦ የፊት ቆዳን በማጥበቅ ቀዶ ሕክምና ቀዳሚዋ ሐኪም

ዶክተር ሱዛን ኖኤል እ.ኤ.አ. በ1878 በሰሜን ፈረንሳይ፣ በላኦን ከተማ ተወለዱ። በ19 ዓመታቸው የቆዳ ሐኪም አገቡ፤ ሕክምና መማር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው።

በ1912 ገደማ ዝነኛዋ ተዋናይት ሣራ በርናር ፊቷን አሜሪካ ውስጥ አስጠብቃ ፓሪስ ገባች። ግንባሯ አካባቢ ተሻሽሏል፤ የታችኛው ፊቷ ግን እንደነበረ ነው። ኖኤል የፊት ቆዳን በጣት እየቆነጠጡ፣ የቱ ቦታ ቢሳብ የቱ መስመር እንደሚጠፋ አጠኑ። በኋላ የተዋናይቷን ፊት ራሳቸው አስተካከሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፊታቸው የተጎዳ ወታደሮችን አከሙ።

ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ታካሚዎቻቸው አርጅተው በመታየታቸው ሥራ ያጡ ወይም እንዳያጡ የሰጉ ሴቶች ነበሩ። ቦታውን ብቻ አደንዝዘው፣ በፀጉር መስመርና በጆሮ አጠገብ ትርፍ ቆዳ ቆርጠው ይሰፋሉ፤ ታካሚዋ በዚያው ቀን ቤቷ ትገባለች። በ1926 ባሳተሙት መጽሐፍ የታካሚዎችን ፎቶግራፍ ከሕክምናው በፊትና በኋላ አሳይተዋል።

ቆዳን ብቻ መሳብ ቶሎ ይላላል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ከቆዳ ሥር ያለው ሽፋንም አብሮ ይጠብቃል፤ ውጤቱ ይቆያል፣ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ግን እዚያው አጠገብ ነው። ታካሚዎች እኔን በብዛት የሚጠይቁኝ ስለ ዋጋ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ሐኪሙ በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻላይዝ ማድረጉን ነው። ቀጥሎ የራሱን ታካሚዎች ፎቶ፣ በተለይ ከዓመት በኋላ የተነሣውን፣ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ሌሊት ከቆዳ ሥር ደም ቢቋጠር ማን ደርሶ ያክመኛል? ይህ ከሁሉም በብዛት የሚያጋጥም ችግር ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ደግሞ አይደብቁ፤ የደም ዝውውሩ ስለሚቀንስ ከጆሮ ኋላ ያለው ቆዳ ሊሞት ይችላል። ስለ ማጨስ ሳይጠይቅዎ ቀጠሮ የሚሰጥ ሐኪም እኔን አያሳምነኝም።

ኖኤል ሴት ልጃቸውንና ሁለቱንም ባሎቻቸውን በሞት ተነጥቀዋል፤ ሥራቸውን ግን አልተዉም። በ1928 የፈረንሳይ መንግሥት የሌዥዮን ዶነር ኒሻን ሸለማቸው። ፓሪስ በናዚ ጀርመን በተያዘችበት ጊዜ ጌስታፖ የሚያሳድዳቸውን ሰዎች መልክ በድብቅ እንደለወጡ ይነገራል። ከጦርነቱ በኋላም ከማጎሪያ ካምፖች የተረፉ ሰዎችን አከሙ። በ1954 አረፉ።