ኮንራድ ሎሬንዝና ቁራዎቹ

ቁራ በእኛ ዘንድ ጥሩ ስም የለውም። ተልኮ የሚቀር ሰው እንኳ የቁራ መልእክተኛ ይባላል። ዛሬ ግን ከቁራ ዘመዶች ብዙ ቁም ነገር የተማረ፣ ኋላም ራሱ ከባድ ስሕተት የሠራ አንድ ሳይንቲስት የሕይወት ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኮንራድ ሎሬንዝ በ1903 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። አባቱ አዶልፍ ሎሬንዝ ስመ ጥር የአጥንት ሐኪም ነበር። ቤተሰቡ በዳኑብ ወንዝ አጠገብ በአልተንበርግ መንደር ሰፊ ቤት ስለነበረው ልጁ ከዳክዬ፣ ከዓሣና ከወፍ ጋር አደገ። አባቱ ልጁ ሐኪም እንዲሆን ይፈልግ ስለነበር ሕክምና ተምሮ በ1928 ተመረቀ። ልቡ ግን ከእንስሳት ጋር ነበርና በ1933 በሥነ እንስሳት ሁለተኛ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ።

ከወፎቹ ጋር የተዋወቀው ገና ተማሪ ሳለ ነው። አንድ ቀን እንስሳት ከሚሸጡበት ሱቅ ገብቶ ጃክዳው የሚባል የወፍ ጫጩት አየ። ጃክዳው የቁራ ዘመድ ሲሆን፣ ከቁራ አነስ ያለ፣ ማጅራቱ ግራጫ፣ ዓይኑ ነጣ ያለ ወፍ ነው። ሎሬንዝ ጫጩቱን የገዛው ለምርምር ብሎ አልነበረም። አፉን ከፍቶ ሲጮህ አንጀቱን ስለበላው ምግብ ሊያጠግበው ፈልጎ ነው። ታዲያ ወፉ ካደገ በኋላ ሰውየውን እንደ ዘመዱ ቆጠረው። በሄደበት ሁሉ እየበረረ ይከተለዋል። ትል ይዞ መጥቶ ሊያጎርሰው ይሞክራል፤ ሎሬንዝ አፉን ሲዘጋበት ደግሞ ትሉን ጆሮው ውስጥ ይወትፍለት ነበር! ጉርሻ የፍቅር ምልክት መሆኑን ወፉም ያውቅ ኖሯል።

በ1927 ሎሬንዝ 14 የጃክዳው ጫጩቶች አሳድጎ በቤቱ ጣሪያ ሥር አኖራቸው። ለመለየት እንዲመቸው እግራቸው ላይ ቀለበት አሰረላቸው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በትዕግሥት ተመለከታቸው። ወፎቹ እርስ በርሳቸው እንደሚተዋወቁና በመካከላቸው የበላይና የበታች እንዳለ አየ። ዝቅተኛ ደረጃ ያላት ሴት ከከፍተኛው ወንድ ጋር ስትጣመር ወዲያውኑ የእሱን ደረጃ ታገኛለች፤ ትናንት ይነክሷት የነበሩት ሁሉ መንገድ ይለቁላታል።

አንድ ቀን ከዋና ሲመለስ ጥቁር የዋና ቁምጣውን ከኪሱ ቢያወጣ ወፎቹ እየጮሁ ወረዱበት። ጥቁርና የሚንጠለጠል ነገር የያዘ ሁሉ ከእነሱ አንዱን የያዘ ይመስላቸዋል። ይህ አብሯቸው የሚወለድ ጠባይ ነው። ድመት ጠላት መሆኗን ማወቅ ግን አብሮ አይወለድም። ትልቁ ወፍ ጮሆ ሲያስጠነቅቅ ልጁ ይማራል፤ የሚያስተምረው ካጣ ግን ሄዶ ድመቷ አፍንጫ ሥር ያርፋል። እንግዲህ በወፎችም መካከል መምህር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ መራራው ክፍል እንመጣለን። በ1938 ኦስትሪያ በሂትለር ጀርመን ሥር ስትወድቅ ሎሬንዝ የናዚ ፓርቲ አባል ሆነ። በ1940 በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። የቤት እንስሳት ከዱር ዘመዶቻቸው ሲለዩ ጠባያቸው እንደሚበላሽ ሁሉ ሰውም በከተማ ኑሮ ዘሩ ይበላሻል፣ ስለዚህ መለየትና መመረጥ አለበት እያለ ጻፈ። ይህ ጽሑፍ የናዚዎችን የዘር ፖለቲካ የሚያግዝ ነበር። በ1941 ለጦርነት ተጠራ፤ በ1944 በሶቪየት ጦር ተማረከ። በምርኮ ካምፕ በሐኪምነት እየሠራ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ላይ መጽሐፍ ጻፈ። በ1948 ወደ አገሩ ተመለሰ።

በ1973 ከካርል ፎን ፍሪሽና ከኒኮላስ ቲንበርገን ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ቲንበርገን የሆላንድ ሰው ሲሆን፣ አይሁዳውያን ባልደረቦቹ መባረራቸውን በመቃወሙ ከ1942 እስከ 1944 በጀርመኖች ታስሮ ነበር። ሁለቱ ወዳጆች አንድ ሙያ ነበራቸው፤ በክፉ ቀን የቆሙት ግን በተለያየ ወገን ነው። ሎሬንዝ ስለዚያ ዘመን ጽሑፉ መጸጸቱን በኋላ ገልጿል። በ1989 ሞተ። በ2015 የሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ሰጥቶት የነበረውን የክብር ዶክትሬት ሰረዘው።

ጓደኞቼ፣ እኛ ነገ ክፍል ውስጥ የምንቆም ሰዎች ነን። ሎሬንዝ ወፎቹን ሲያጠና አስቀድሞ ያያል፣ ከዚያ ይጽፋል። ስለ ሰው ሲጽፍ ግን የዘመኑን ገዢዎች ሐሳብ ተቀበለ። ልጅ ጠላቱን የሚያውቀው ትልቁ ሲጮህ መሆኑን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ድመቷ አገሩ ስትገባ ግን እሱ አልጮኸም። ዕውቀቱን እንውሰድለት፤ ስሕተቱንም አንደብቅለት።