በዓሉ ግርማ፦ የሚሳሳት ሰው ጽፎ ያሳመነን ደራሲ



ብዙዎቻችን ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ እንወዳለን። መርሳ ገበያ ውለን፣ ልጆች አስተኝተን፣ ዓይናችን እየተከደነ ገጽ የምንገልጠው ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው እያልን ነው። መጽሐፉ ሲያልቅ ግን ከእኛ ጋር የሚቀረው ሰውየው ነው፤ እንደ እኛው የሚሳሳት ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በመጻፍ በዓሉ ግርማን የሚያህል ስላላገኘን፣ የሕይወቱን ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

በዓሉ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኢሉባቦር ተወለደ። አባቱ ከህንድ የመጡ ነጋዴ፣ እናቱ የአገሩ ተወላጅ ነበሩ። አዲስ አበባ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተማረ፤ ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀ በኋላ አሜሪካ ሄዶ ጋዜጠኝነት አጠና። መነንን፣ አዲስ ሪፖርተርንና አዲስ ዘመንን በአዘጋጅነት መራ። በደርግ ጊዜ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ።

በመጀመሪያው ልብ ወለዱ፣ በከአድማስ ባሻገር፣ ያገኘነው አበራ በመንግሥት ሥራና በሥዕል ፍቅር መካከል የሚዋልል ሰው ነው። በ1975 ዓ.ም. የወጣው ኦሮማይ ደግሞ በኤርትራ ስለተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ይተርካል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያ ፊያሜታን ይወዳል። የመንግሥትን ፕሮፓጋንዳ ይመራል፤ ልቡ ግን ይጠራጠራል። በዙሪያው ሰላዮች አሉ፤ ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም።

በጸጋዬ እንናደዳለን፤ ስለ ሮማን እናዝናለን፤ መጽሐፉን ግን አንዘጋም። ፍጹም ጀግና ቢሆን ኖሮ መጨረሻው አያሳስበንም ነበር። ስለሚሳሳት ግን በየገጹ እንሰጋለታለን። በዓሉም ራሱ የመንግሥት ሹም ሆኖ ነው ይህን ጥርጣሬ የጻፈው።

ዋጋውን ከፈለ። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። ባለቤቱና ልጆቹ እንደ ወጉ አልቅሰው እርማቸውን የሚያወጡበት አስከሬን እንኳ አላገኙም። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አካባቢ ሴቶች ማስረዳት አያስፈልግም። ወጥቶ የቀረ ሰው በር ሲንኳኳ ሁሉ ያስደነግጣል።

ኦሮማይ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየ፤ ከደርግ ውድቀት በኋላ እንደገና ታተመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ወጣ።

እኛ ሒሳብ የምንይዝ ሰዎች ገቢ ብቻ የተጻፈበትን መዝገብ አናምንም፤ ወጪውም ዕዳውም መታየት አለበት። በዓሉ የሰውን መዝገብ እንዲህ አድርጎ ስለጻፈ አመንነው።

መጽሐፉ ያላችሁ እህቶች ለወር ስብሰባችን ይዛችሁ ብትመጡ፣ በተራ እናነበዋለን። ደጋፊዎቻችንም ከመደርደሪያችሁ የተረፈ ቅጂ ካለ አንድ ብትልኩልን ብዙ ሴቶች ያነቡታል።