ፓርቲ ያጣች፣ ሥራ ያላጣች፦ ሲልቪያ ፓንክረስት

ምርጫ በቀረበ ቁጥር ከእህቶቻችን የምንሰማው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ትልልቆቹ ፓርቲዎች የሴቶችን ጉዳይ ከሁሉ በኋላ ያነሱታል፤ የሴቶችን መብት ከፊት ያስቀደመው ትንሽ ፓርቲ ደግሞ የማሸነፍ ዕድሉ ጠባብ ነው። ታዲያ ድምፃችንን ለማን እንስጥ? ለማያሸንፍ ፓርቲ መስጠት ማባከን ነው? ቤት መዋልስ ይሻላል?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት በእንግሊዝ አገር እናትና ልጆች በዚሁ ጉዳይ ተለያይተው፣ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ሄደዋል። ከልጆቹ የአንዷ መቃብር እዚሁ አዲስ አበባ፣ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ይገኛል። በዚህ እትም የሲልቪያ ፓንክረስትን ሕይወት የምናነሳው ለዚህ ነው። ካልገለጽን በቀር ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሲልቪያ በ1882 በማንቸስተር ከተማ ተወለደች። አባቷ ዶክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ጠበቃ ነበሩ። ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚሰጥ ረቂቅ ሕግ በ1870 ለእንግሊዝ ፓርላማ ሲቀርብ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝም ታግለዋል። እናቷ ኤመሊን ከባላቸው ጋር ነጻ የሠራተኞች ፓርቲ የሚባለውን ድርጅት ተቀላቀሉ። ቤታቸው ስብሰባ የማይጠፋበት ቤት ነበር። ሲልቪያ የ16 ዓመት ልጅ ሳለች አባቷ ሞቱ።

የፓርቲው አባላት በሳልፎርድ ለአባቷ መታሰቢያ አዳራሽ ሠሩ። ሲልቪያ ሥዕል ተምራ ስለነበር ግድግዳውን እንድታስጌጥ ተጠየቀች፤ እሷም በደስታ ሠራችው። ሥራው ሲያልቅ ግን አዳራሹን የሚጠቀምበት የፓርቲው ክበብ ሴቶችን እንደማያስገባ ታወቀ። ለሴቶች መብት በታገለ ሰው ስም፣ በሴት ልጁ እጅ ያጌጠ አዳራሽ ለሴቶች ዝግ ሆነ። ወይዘሮ ኤመሊን ከዚህ በኋላ መታገሥ አልቻሉም። በጥቅምት 1903 ጥቂት ሴቶችን ቤታቸው ሰብስበው የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረትን መሠረቱ። አባላቱ ሴቶች ብቻ ነበሩ።

በዚያን ጊዜ ለሴቶች የሚቆም ፓርቲ አልነበረም። በ1906 የተመረጠው የሊበራል መንግሥት መብቱን ሊሰጥ አልፈለገም፤ በ1908 ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት አስኲዝ የለየላቸው ተቃዋሚ ነበሩ። ከወግ አጥባቂዎቹ በግል የሚደግፉ ቢገኙም እንደ ፓርቲ አልቆሙም። ከሌበር ሰዎች ብዙዎቹ፣ ገና ድምፅ የሌላቸው ወንዶችም ስላሉ ሁሉም አንድ ላይ እስኪያገኙ ሴቶች ይጠብቁ ይሉ ነበር። በ1907 ኤመሊንና ታላቋ ልጃቸው ክሪስታቤል ከፓርቲያቸው ለቀቁ። ሲልቪያ ግን ከሠራተኞቹ ጋር ያላትን ወዳጅነት አልቆረጠችም።

ለንደን በሮያል የሥነ ጥበብ ኮሌጅ እየተማረች ብሩሿን ለኅብረቱ አዋለችው፤ አርማና ሰንደቁን ነደፈች። በ1906 ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰረች። ከዚያ በኋላ እስር ቤት ደጋግማ ገባች፤ የረሃብ አድማ ስትመታ በ1913 ለሳምንታት በቱቦ በግድ መገቧት። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ ደግሞ በረሃብ የደከመችውን እስረኛ ፈትቶ፣ ስታገግም መልሶ ማሰርን ፈቀደ። ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ ብሎ ሰየመው።

በ1912 የሆነውን ነገር በተለይ ልብ እንበል። በምሥራቅ ለንደን የቦ እና ብሮምሊ እንደራሴ የነበሩት የሌበሩ ጆርጅ ላንስበሪ፣ ፓርቲያቸው ለሴቶች አልቆመም ብለው ወንበራቸውን ለቀቁ። ለሴቶች የመምረጥ መብት ብቻ ብለው በማሟያ ምርጫ እንደገና ተወዳደሩ። በ751 ድምፅ ተሸነፉ። ፓርቲያቸው ከኋላቸው አልቆመም፤ ከሁሉ በላይ ግን ጉዳዩ የሚመለከታቸው የሠፈሩ ሴቶች በዚያ ቀን አንዲት ድምፅ እንኳ አልነበራቸውም። የመጡት ቀስቃሾች ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ሲልቪያ እዚያው ቀረች።

ምሥራቅ ለንደን በዚያን ጊዜ የድሆች ሠፈር ነበር። በልብስ ስፌት፣ በብሩሽ ሥራና በፋብሪካ የሚውሉ እናቶች ይኖሩበት ነበር። ሲልቪያ እነሱን አደራጀች። በ1914 መጀመሪያ ክሪስታቤል ፓሪስ አስጠርታ፣ ከሠራተኞች ጋር ስለተጠጋሽ ከኅብረቱ ተለይተሽ ውጪ አለቻት። በእናቷና በእህቷ ፊት ከመሠረተችው ኅብረት ተባረረች። የምሥራቅ ለንደኖቹ ሴቶች ግን የራሳቸውን ፌዴሬሽንና የራሳቸውን ጋዜጣ ይዘው ቀጠሉ። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ሲልቪያ አስኲዝ ሴቶቹን ካላነጋገሩ በፓርላማው በር ላይ በረሃብ እሞታለሁ ብላ ተኛች። ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሺ አሉ። ለመነጋገር የገቡት ሠራተኞቹ ሴቶች ራሳቸው ነበሩ።

ከሁለት ወር በኋላ ጦርነት ተነሳ። ምግብ ተወደደ፣ ፋብሪካ ተዘጋ፣ ባሎች ዘመቱ። እናቷና እህቷ ትግሉን አቁመው ከመንግሥት ጎን ሲሰለፉ ሲልቪያ ጦርነቱን ተቃወመች። ፌዴሬሽኑ ምግብ ያለ ትርፍ በሁለት ፔኒ የሚሸጥበት ምግብ ቤት ከፈተ፤ መክፈል ላልቻለች በነጻ ይሰጣት ነበር። ሥራ ላጡ ሴቶች የአሻንጉሊት መሥሪያ አቋቋመ። አንድ የተዘጋ መጠጥ ቤት ተከራይተው የሕፃናት ማቆያና ክሊኒክ አደረጉት። ዕቁብና ማኅበር ለምናውቅ ሴቶች ይህ እንግዳ አይደለም። ያስገረመን ሌላ ነው፦ ይህ ሁሉ የተሠራው ድምፅም ፓርቲም በሌላቸው ሴቶች ነው።

በ1918 መጀመሪያ ሕጉ ወጣ፤ ግን ዕድሜያቸው ከ30 በላይ ለሆነና የንብረት መስፈርት ላሟሉ ሴቶች ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ የቤተሰቡ መንገድ ፈጽሞ ተለያየ። ኤመሊንና ክሪስታቤል በኅዳር 1917 ኅብረታቸውን የሴቶች ፓርቲ አድርገውት ነበር። እኩል ሥራ ለሠሩ እኩል ክፍያ፣ በጋብቻና በፍቺ እኩልነት፣ ለእናቶች እንክብካቤ የሚሉ ጥያቄዎች ያዘ። በታኅሣሥ 1918 ምርጫ ክሪስታቤል በስሜዝዊክ ተወዳድራ በ775 ድምፅ ተሸነፈች። ትንሹ ፓርቲ በዓመቱ ፈረሰ። ኤመሊን በኋላ ወግ አጥባቂዎቹን ተቀላቅለው ዕጩ ሆኑ። ሰኔ 14 ቀን 1928 አረፉ። ሴቶች ከወንዶች እኩል በ21 ዓመት እንዲመርጡ የሚፈቅደው ሕግ የጸደቀው ከ18 ቀን በኋላ ነው፤ ያጸደቀውም የወግ አጥባቂዎች መንግሥት ነበር።

ሲልቪያስ? በ1918 ለፓርላማ እንድትወዳደር ተጠይቃ እምቢ አለች፤ ፓርላማው ለድሃ አይሠራም የሚል አቋም ይዛ ነበር። ኮሚኒስት ሆነች፤ ፓርላማ መግባትን በመቃወሟ ሌኒን ራሱ ተቃወማት። በ1921 የብሪታንያ ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጣዋን ለፓርቲው እንድታስረክብ አዘዛት። አላስረክብም አለች፤ አባረሯት። በሰባት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

ይህች ፓርቲ የሌላት ሴት በ1935 ጣልያን ኢትዮጵያን ስትወር ዝም ማለት አልቻለችም። ግንቦት 5 ቀን 1936፣ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ቀን፣ ለእሷ 54ኛ የልደት ቀኗ ነበር። የኢትዮጵያን ጉዳይ የሚያሰማው ጋዜጣዋ የመጀመሪያ እትም የዚያን ዕለት ቀን ይዞ ወጣ። የብሪታንያ መንግሥት በ1938 ለጣልያን ወረራ ዕውቅና ሲሰጥ ጋዜጣው አልዘጋም፤ 20 ዓመት ቆየ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ነርስነት ተምረው በ1942 በወጣትነታቸው ሲያርፉ፣ በስማቸው ለሚሠራው ሆስፒታል በእንግሊዝ ገንዘብ የማሰባሰቡን ሥራ የመራችው ሲልቪያ ነበረች። ሆስፒታሉ በ1951 ተከፈተ።

በ1956፣ በ74 ዓመቷ፣ ከልጇ ከሪቻርድ ጋር ጠቅልላ አዲስ አበባ መጣች። እዚህም ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የተባለ መጽሔት ታዘጋጅ ነበር። በመጣች በዓመቱ፣ በ1957፣ በአገራችን የመጀመሪያው አጠቃላይ የፓርላማ ምርጫ ተካሄደ፤ ሴቶችም መረጡ፣ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። ሲልቪያ መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በመስቀል ዕለት አረፈች። በሥላሴ ካቴድራል ከአርበኞች ጋር ተቀበረች።

ሂሳብ የምንይዝ ሰዎች ነንና ይህን ሕይወት በገቢና በወጪ እንየው። ትንሹ ፓርቲ ተሸነፈ፤ ያነሳው የእኩል ክፍያ ጥያቄ ግን ከእሱ ጋር አልሞተም። ትልቁ ፓርቲ ሕጉን አጸደቀ፤ ግን ከእሱ ውጭ ያሉ ሴቶች 25 ዓመት ከገፉት በኋላ ነው። ስለዚህ ለማያሸንፍ መስጠት ሁልጊዜ ማባከን አይደለም፤ ለሚያሸንፍ መስጠትም ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

በአንድ ነገር ሲልቪያን አንከተላትም። ምርጫን መናቋን አንቀበልም። በቦ ሠፈር 751 ድምፅ ሲጎድል እነዚያ እናቶች ወረቀት ቢኖራቸው ኖሮ ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ብዙ ሴቶች የታሰሩበትን ካርድ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይገባንም።

በሌላው ግን እንከተላታለን። የገዛ እጃችንን ሥራ ለማንም ፓርቲ አናስረክብም። ማኅበራችን የማንም ቅርንጫፍ አይደለም። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ለቅስቀሳ የመጣ ሁሉ ተመሳሳይ ጥያቄ ይቅረብለት፦ ስለ ሴቶች መብት ምን ጽፋችኋል? ስንት ሴት ዕጩ አቅርባችኋል? በጀቱስ ከየት ይመጣል? መልሱን ሰምታ እያንዳንዷ እህት እንደ ሕሊናዋ ትምረጥ፤ የተለያየ ብንመርጥም በወሩ ስብሰባ አንድ ላይ እንቀመጥ። የሲልቪያ ቤተሰብ ያጣው ይህን ነው፤ እናትና ልጅ በፖለቲካ ከተለያዩ በኋላ መልሰው አልታረቁም። እኛ ግን ፓርቲ ብናጣ እንኳ እርስ በርስ አንተጣጣ።